ከጎጆው በታች ያለው ጣውላ

በአሮጊቷ በማልሱን መንደር፣ በረንዳ ጣሪያ ሥር ጎጆ የሚሠሩትን ጅራተ መቀስ ወፎች ማባረር ነውር ነው። ኩሳቸው ደጁን እንዳያበላሽ ከጎጆው በታች ጣውላ ይቸነከራል፣ በቃ። ማልሱን ይህን ከእናታቸው ነው የወረሱት። ካቻምና ግን ዓይናቸው ደክሞ ጣውላውን ከጎጆው አንድ ስንዝር ብቻ ዝቅ አድርገው ቸነከሩት። እባብ በምሰሶው ወጥቶ፣ ጣውላው ላይ ተደላድሎ አራቱንም ጫጩቶች ዋጣቸው። ብርዱ ሲያልፍ ከሙቅ አገር የሚመለሱት ወፎች አምና አልመጡም።

በመከር ልጃቸው ጊሶክ ከከተማ መጣ።

"እማዬ፣ በረንዳውን በመስታወት እንዝጋው። ብርዱ ጉልበትሽን ጨረሰው እኮ።"

"ከተዘጋ በየት ይገባሉ?"

"እነማን?"

"ወፎቹ ናቸዋ።"

"አምና የት ነበሩ ታዲያ?"

ማልሱን ቅርጫት አነሱ። ጓሮ ወስደው ካኪ የሚባለውን ዛፍ ብርቱካንማ ፍሬ እንዲለቅም አዘዙት፤ ጫፍ ላይ ያሉትን ሰባቱን ግን እንዳይነካ። እነዚያ በረዶ ሲጥል አገር ጥለው የማይሄዱት ወፎች ድርሻ ናቸው። ጊሶክ ከቅርንጫፉ ላይ ሆኖ፣ "እሺ፣ ግንቦት እስኪያልቅ ልታገሥ። ካልመጡ ግን መስታወቱ ይገባል" አለ።

"ከመጡስ?"

"ከመጡማ ወፍራም ካፖርት እገዛልሻለሁ።"

በረዶው ሲጥል ማልሱን በየማለዳው ጓሮውን እየጠረጉ ማሽላ በተኑ። በረዶው ሲቀልጥ በየምሰሶው ላይ እባብ የሚያንሸራትት ልሙጥ ቆርቆሮ አስጠመጠሙ። ጣውላውንም ነቅለው አንድ ክንድ ሙሉ ዝቅ አደረጉት። ያኔ ሌላ ችግር ታያቸው። የመንደሩ የሩዝ ማሳ ሁሉ በላስቲክ ቤት ተሸፍኗል፤ ጎጆ የሚመረግበት ጭቃ የለም። ጎመኑ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ጭድ ከትፈው፣ በየቀኑ ውሃ እየደፉ ያቦኩት ጀመር።

ጎረቤታቸው ሽማግሌው ፒልዶ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። "የጊሶክ እናት፣ አሳማ ልታረቢ ነው?"

"ምራት ላመጣ ነው። ቤቷን ራሷ የምትሠራ።"

"ጭቃሽን አይታ ካልሸሸች።"

ሚያዝያ አለፈ። ወገባቸው ተቆረጠ፤ ጭቃው ግን አንድ ቀን አልደረቀም። ግንቦት ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ጊሶክ የላከው መስታወት ሠሪ ሜትሩን ይዞ መጣ። የበረንዳውን ወርድ ለክቶ ሳይጨርስ አንዲት ወፍ በጆሮው ሥር ሽው ብላ አለፈች። አፏ በጭቃና በጭድ ሞልቷል። ባሏም ተከተላት።

ወፎቹ አሮጌውን ጎጆ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ከበሩ በላይ፣ መብራቱ ጥግ መምረግ ጀመሩ።

"እማማ፣ ጣውላው ወዲያ፣ ወፎቹ ወዲህ" አለ ሠሪው።

"ጣውላ ይነቀላል" አሉ ማልሱን። "ያንን ሜትር ወዲህ በል።"

ከአዲሱ ጎጆ ቁልቁል አንድ ክንድ አስለኩት። ዓይናቸውን ስላላመኑ ደግመው በገዛ ክንዳቸው ለኩ። ጣውላውን እዚያ ቸንክረው ሲጨርሱ መዶሻውን አስቀምጠው ጊሶክ ዘንድ ደወሉ።

"ካፖርቱ" አሉ፣ "ጉልበት የሚሸፍን ይሁን።"