የታየች ጥቁር ሻሽ

ቀጨኔ ዳገት ላይ ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤት መሸኛ ያወጣ ሰው ሁሉ ታየችን ያውቃታል። ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ፍርግርግ ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። ስምህን ሳትነግራት የአባትህን ስም ትጠራልሃለች፤ የታላቅ ወንድምህ ፋይል ከየትኛው መደርደሪያ እንደሚወጣም ታውቃለች። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ እንኳ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠየቀው የእሷ ጭንቅላት ነው።

ደመወዝ የማይከፈልበት ሌላ ሥራም አላት። ከሠራተኛው አንዱ ሐዘን ሲደርስበት ቀድማ የምትሰማው እሷ፣ ቀድማ ድንኳን የምትገባው እሷ ናት። ማን ዛሬ ይሂድ፣ ማን ለሦስተኛው ቀን ይቆይ፣ ማን ከሐዘንተኛው ጋር ይደር፣ እሷ ትደለድላለች። ሥራ በዛብኝ የሚል ከተገኘ «ሰርግ ተጠርተህ ነው፤ ለቅሶ ሰምተህ ነው» ትለዋለች፤ ያ ሰው ሹራቡን ይደርብና ይነሣል። የጥበቃው ሠራተኛ አባባ ቶለሳ ሚስታቸው ያረፉ ጊዜ ሦስት ቀን ከአጠገባቸው አልተለየችም። የስፖርት መምህሩ መሳይ፣ ለሰው ሁሉ ቅጽል ስም የሚያወጣው ያ ምላሰኛ፣ ለእሷም «የሐዘን ሚኒስትር» የሚል ሹመት ሰጥቷታል። እናቱ የሞቱ ዕለት ግን ቀድሞ የደወለው ለሚኒስትሯ ነው።

ይህች የሰው ሁሉ ዘመድ የሆነች ሴት አንድ ነገር ከሰው ደብቃ ኖራለች፤ ግንባሯን። በልጅነቷ በየበዓሉ ሹሩባ ትሠራ ነበር፤ ዐይኗ ወደ ላይ እስኪሳብ፣ ማታ ትራስ መንካት እስኪያቅታት ድረስ። ያኔ ያላመመ ሹሩባ ሹሩባ አይባልም። በሃያዎቹ ዕድሜዋ በሹሩባው ላይ ዊግ ተቀጠለበት። በሠላሳዎቹ ጸጉሯ ከፊት እየሸሸ፣ በጆሮ ግንዷ በኩል እየሳሳ ሄዶ ሄዶ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ታስራለች፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ሲነሣም በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛ ነው ዳገቱን የምትወጣው። ሰው ብርድ የምትፈራ ይመስለዋል።

አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላት ጸጉር ለማስተከል ወሰነች። ነርስ የሆነችው የእህቷ ልጅ ሄርሜላ ለማን ብላ እንደሆነ ብትጠይቃት፣ ለመስታወቱ ነው አለቻት፤ አንድ ቀን ሻሿን ፈታ ፊቱ መቆም አምሯት ነበር። እናቷ እማማ ኢየሩ ደግሞ ነገሩን ሲሰሙ ያንን ሹሩባ እየጎተትኩ ያስጎነጎንኳት እኔ ነኝ ብለው እንባቸውን ጠረጉ፤ ከዚያም መረቋት። ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እንዲኖርም አልፈለገችም። እኔ እንደሆነ አልፈርድባትም። ጾሟን የማትገድፍ፣ ሁሉ የሚያከብራት ሴት በዚህ ዕድሜዋ ለጸጉሯ ሐኪም ዘንድ ሄደች ቢባል፣ የመምህራኑ ሻይ ክበብ ዓመት ሙሉ የሚያላምጠው ነገር አገኘ ማለት ነው። መሳይማ ስሙን በዚያው ቀን ያወጣላታል።

ስለዚህ በደንብ ተዘጋጀች። የዓመት ፈቃዷን ከመንፈቁ ዕረፍት ጋር አያይዛ ጠየቀች፤ በቅጹ ላይ ምክንያቱን «የቤተሰብ ጉዳይ» ብላ ሞላች። እናቷን ይዛ ሸጎሌ ሄርሜላ ቤት ገባች፤ የራሷን ቤት ቆለፈች፤ ስልኳን አጠፋች። ቦሌ በኩል ባለ አንድ ክሊኒክ ከጭንቅላቷ ኋላ እየነቀሉ ከፊት ሲተክሉላት አንድ ሙሉ ቀን ዋለች። ኋላዋ ስለተላጨ የቀረውንም አሳጥራ አስቆረጠችው። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ከግንባሯ ወርዶ ዐይኖቿን ደፈናቸው። ሐኪሙ ያልፋል ብሏት ነበር፤ አለፈም፤ ግን ሥራ በምትገባበት ቀን እንኳ የዐይኗ ቆብ ገና እንዳበጠ ነበር። ነጠላ ስትከናነብ ሐኪሙ ያዘዘላት ቅባት ነጩን እያበላሸ አስቸገራት። ሄርሜላ ሽሮ ሜዳ ወርዳ ለስላሳ ጥቁር ሻሽ ገዛችላት፤ እሱ እድፍ አያሳይም።

ብልኋ ሴት የተሸወደችው እዚህ ላይ ነው። ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ከሩቅ አይታ ማን ሞቶባት ይሆን ስትል የኖረች ሰው የራሷን ሻሽ ቀለም አላየችውም። ሐሳቧ ሁሉ ከሻሹ ሥር ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ አባባ ቶለሳ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሻይ ክበቡ ስትገባ ወሬው ተቋረጠ። መሳይ ራሱ ተነሥቶ ሻይ ቀድቶ አመጣላትና ሳይቀልድ ሄደ። ይህ ነው ያስፈራት። ታወቀብኝ ብላ ሻይዋን ሳትጨርስ ወደ መዝገብ ቤቷ ሸሸች። ብዙም ሳይቆይ ርእሰ መምህሩ አቶ ኃይለ መለኮት መጥተው በሩን ዘጉና አጠገቧ ተቀመጡ። የአማርኛ መምህርቷ ሳሌም በዕረፍቱ ልትጠይቃት ሄዳ ቤቱን ተቆልፎ ማግኘቷን፣ ስልኳም አልሠራ ማለቱን ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸው ተቀየረ።

«ታየች፣ እናትሽን እንዴት ሳትነግሪን ትቀብሪያለሽ? እኛ ባዳ ነን?»

ታየች ክው አለች። ከሻሹ ኋላ የሚታይ የተቆረጠ ጸጉር፣ ያበጠ ዐይን፣ ጥቁር ሻሽ፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ የተቆለፈ ቤት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዐይኗ ላይ ድቅን አለ። አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣም። ሰውየው ሳግ መሰላቸው። ትከሻዋን ዳበስ አድርገው፣ ሠራተኛው በሙሉ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ቤቷ እንደሚመጣ፣ ዳቦውና ውሃው እንደተገዛ ነግረዋት ወጡ።

እማማ ኢየሩ ደግሞ ትናንት ማታ ከሸጎሌ ተመልሰው፣ በዚያች ሰዓት ቀጨኔ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

ታየች ለሄርሜላ ደወለች። ሄርሜላ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ መላ አገኘች። «እቴቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? እናቴ አይደለችም፣ አንዲት የገጠር አክስቴ ናት በያቸው፤ በቃ።»

መላው መጥፎ አልነበረም። እንዲያውም ታየች ባሰበችው ቁጥር እያማረ ሄደ። የሐዘንተኛን ሻሽ ማን ይገልጣል? የተተከለ ጸጉር እስኪያድግ ዓመት ይፈልጋል፤ ሐዘንም ዓመት ይፈቅዳል። አክስቲቱን ደብረ ሲና አካባቢ አስቀመጠቻት፤ ዕድሜም ሰጠቻት፤ ሕመሟንም መረጠችላት። ለርእሰ መምህሩ የምትለውን በልቧ እያጠናች ሳለ መስኮቷ ተንኳኳ።

አባባ ቶለሳ ነበሩ። ባርኔጣቸው አሁንም እጃቸው ላይ ነው። በምሳ ሰዓት መድኃኔ ዓለም ደርሰው መምጣታቸውን፣ ከቄሱ ጋር መነጋገራቸውን ነገሯት። «ለኔ ቀን ያደረግሽውን አልረሳሁም፣ ልጄ። ቄሱ ለፍትሐቱ የክርስትና ስማቸውን አምጣ ብለውኛል። ንገሪኝ።»

የእናቷ የክርስትና ስም ምላሷ ላይ መጣ። በሕይወት ያለ ሰው ስም ለፍትሐት አይሰጥም። አክስት ናት ብትልም ያው ነው፤ ቄሱ ለሌለች አክስትም የክርስትና ስም ይጠይቃሉ፤ እሷም አንድ ስም ፈጥራ ልትልክ ነው፣ መቅደስ ድረስ። ሽማግሌው በፍርግርጉ በኩል ጆሯቸውን አስጠግተው ይጠብቃሉ። ያቺ ደብረ ሲና ያለችው ምስኪን አክስት እዚያው ቀረች።

ታየች በሩን ከፈተችላቸውና ወንበር ሰጠቻቸው። «አባባ፣ እናቴ ደህና ናት። የሞተብኝ ሰው የለም» አለችና ሻሹን ፈታችው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ጭንቅላቷን አላዩትም። እማማ በእርግጥ አሉ ወይ ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቋት፤ አሉ፣ ትንሽ ሳል ብቻ ነው ያላቸው ስትላቸው አማተቡ፤ ከዚያ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ እንባ በውሸት ማስፈሰስ ነውር መሆኑ ያኔ ገባት። ቆይተው ነው ቀና ብለው ያዩዋት። ከግንባሯ በላይ ጥቃቅን ቀያይ ነጥቦች በመስመር ተደርድረዋል። ምን እንደሆነ ነገረቻቸው። ለወጉ እንኳ አልሳቁም። ሱሉልታ ገበሬ ሆነው ያደጉ ሰው ናቸውና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው መረመሩት፤ ውሃ ካላበዛሽበት ይይዛል አሏት። ከዚያ ቆመው ባርኔጣቸውን አደረጉ። እሳቸው ምንም እንዳላዩ፣ ሞት የለም ብለው ለሠራተኛው እንደሚናገሩ፣ ሌላውን ነገር ማንም ከሳቸው እንደማይሰማ ቃል ገቡላት።

ታየች ልትቀበላቸው ትችል ነበር። ምስጢሯም እንደተሸሸገ ይቀርላት ነበር። ግን አርባ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ስለ እናቷ አዝኗል፤ ዝም ያለችው እሷ ናት፤ ዝምታውን ሌላ ሰው እንዲያነሣላት አልፈለገችም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሠራተኛው ለመሄድ ሻይ ክበቡ ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሻሿን በእጇ ይዛ፣ ጭንቅላቷን ገልጣ ገባች። ከአሥር ምናምን ዓመት በኋላ ያለ ሻሽ በሰው ፊት ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበር።

«እናቴ አለች» አለች። «እኔ ጸጉሬን ነው ያስተከልኩት። ጠዋት ልነግራችሁ ይገባ ነበር። ፈራኋችሁ።»

የመጨረሻዋ ቃል ሰውን ሁሉ አንገት አስደፋችው። በየድንኳኑ የቆመችላቸው ሴት ፈርታቸው ኖራለች፤ ለምን እንደፈራቻቸውም እያንዳንዱ ያውቃል። ቀስ በቀስ ዐይን ሁሉ ወደ መሳይ ዞረ። ታየችም ወደ እሱ ነበር የምታየው፤ የሚመጣውን ስም ቆማ ጠበቀች። መሳይ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሻይ ስትቀዳለት ኖራ ዛሬ እሱ አንድ ጊዜ ቢቀዳላት በውሸት ሆነበት ብሎ አማረረ። ሳቁ ፈነዳ። ሳሌም እየሳቀችም እያለቀሰችም አቀፈቻት፤ ግንባሯን እንዳትነካው ግን ተጠንቅቃ። መሳይ ስለዚያ ጸጉር ቅጽል ስም አላወጣም። ይህን ያህል ጊዜ ምላሱን መያዙ ለእሱ ትልቅ ጾም ነው።

ዳቦው ተገዝቷልና መሄዱ አልቀረም። አሥር ሰዓት ላይ አርባ ሰው በቀጨኔ ቁልቁለት ተግተልትሎ ወረደ። እማማ ኢየሩ ጉዱ ሲነገራቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። በሉ ግቡ፣ ምን ብላችሁ እንዳለቀሳችሁልኝ ልስማው አሉ። ጥቂቱ እንደምንም ሙሾ ሞከረ፤ እሳቸውም ይህ ይጎድለዋል፣ ይህ በዝቷል እያሉ አረሙት። በቁሙ ለቅሶውን ያየ ሰው እንደሳቸው ደስ ብሎት አያውቅም።

በማግስቱ አንዲት ሴት መዝገብ ቤት ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ፋይል የምትፈልግ መስላ ትንሽ ቆመች። ከዚያ የዊጓን ጫፍ በጣቷ ከፍ አድርጋ ግንባሯን አሳየቻትና «ያማል?» አለቻት።

ታየች ወንበር ሳበችላት። የምታውቀውን ሁሉ፣ ከመርፌው እስከ እብጠቱ፣ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ሳምንቱ ሳያልቅ ሁለተኛዋ መጣች፤ ከፋሲካ በፊት ሦስተኛዋ። ሦስቱም ከዚያው ሻይ ክበብ ናቸው። እነማን እንደሆኑ መሳይ እንኳ እስከ ዛሬ አላወቀም፤ ታየችም ለሄርሜላ ሳይቀር ለማንም አልተናገረችም።