በራችን ክፍት ሆኖ ያድራል

ባለፈው ጥር ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ በሁለት ዘንቢል መሃል ተጣብቄ ተቀምጬ ሳለ ሹፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገና የወንድሜ ዘፈን መጣ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ ይደበድብ ጀመር። ከፊቴ የተቀመጡት፣ ከሰርግ ይሁን ከመልስ የሚመለሱ፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው ሽቶ ሽቶ የሚሸቱ ልጃገረዶች ትከሻቸውን እየሰበቁ አብረው ዘፈኑ፤ አንዷም ዞር ብላ «ማዘር፣ አይጨፍሩም እንዴ?» አለችኝ። ማዘር መባል የጀመርኩት በቅርቡ ስለሆነ ገና አልለመድኩትም። ሳቅኩላት። ዳገቱን ስንያያዘው ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ዘፈኑን የማያውቅ የለም። ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ ይከፈታል፣ ጸጉር ቤት ይከፈታል። ለማን እንደተገጠመ ግን ከቤታችን ሰውና ካቀናበረው ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ያደግነው ከቁስቋም ማርያም በታች፣ ዳገቱ ላይ፣ ግማሹ መኖሪያ ግማሹ ሸማ መሥሪያ በሆነ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አባባ ከጋሞ ደጋ በልጅነቱ የመጣ ሸማኔ ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ እግሩን ከሸማ ዕቃው ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲያመላልስ ይውላል። የጥጡ ብናኝ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ቆይቶ ጸጉራችን ላይ ስለሚያርፍ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ተረፈ ትምህርት ቤት የምንታወቀው «ሽማግሌዎቹ» በሚል ስም ነበር። እማዬ ጥጥ ትፈትላለች፤ እየፈተለች ታወራለች፣ እያወራች ትስቃለች፤ አባባ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚናገረው ነገር በአንድ እፍኝ የሚያልቅ ሰው ስለነበር፣ በቤቱ ያለው ወሬ ሁሉ የእሷ ነበር ማለት ይቻላል።

እማዬ ቤሩት ለሰው ቤት ሥራ ስትሄድ ተረፈ ድምፁ ገና እንደ ሴት ልጅ የቀጠነ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቤሩትን ከእንጦጦ ጀርባ ያለች አገር አድርጌ የማስብ ሕፃን። በየእሑዱ እትዬ ብርቄ ቤት ትደውልልን ነበር፤ ከጎረቤቶቻችን ስልክ ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። አባባ ስልክ ሊያናግር ሲሄድ ኮቱን ይለብሳል፤ ድምፁ ቤሩት ድረስ እንዲሰማ ስለሚጮህም፣ ዓመቱን ሙሉ የማይናገረው ሰውዬ የቤታችንን ጉዳይ በአንድ እሑድ ለሰፈሩ ሁሉ ያሰማል። ከዚያ እትዬ ብርቄ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ ስልኩም ተነቀለ። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ በቃሏ የያዘችው ቁጥር ያ ብቻ ነበር። እኛ ደግሞ የምንደውልላት ቁጥር አልነበረንም። የላካት ደላላ ጠፋ፤ ከቤሩት የሚመጡ ሰዎችን ስንጠይቅ አንዷ ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታለች ትለናለች፣ ሌላዋ እንዲህ የምትባል ሴት አላየሁም ትለናለች። ድምፅዋ ጠፋ፤ ዓመታትም አለፉ።

ከዚያ ወዲያ አባባ በሩን ቀርቅሮ ተኝቶ አያውቅም። ሌባ ቢመጣስ ስንለው፣ «ምን ሊወስድ? ምናልባት በማታ ከመጣች ደጅ እንዳትቆም ነው» ይል ነበር።

ተረፈ አድጎ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ከአባባ ጎን የራሱን ዕቃ ተክሎ መሸመን በጀመረ ጊዜ ነው ያን ዘፈን የገጠመው። በመወርወሪያው ልክ፣ በጣም በዝግታ፣ ለራሱ እንደሚያጉረመርም ሰው ነበር የሚዘፍነው፦

*ድሩ ተዘርግቶ ማግ አጥቶ ቆሟል፣*
*ነይ ግቢ፣ በራችን ክፍት ሆኖ ያድራል።*

መጀመሪያ የዘፈነው ቀን አባባ ሥራውን አቁሞ እስኪያልቅ ድረስ ሰማና፣ አንዲት ቃል ሳይናገር መወርወሪያውን እንደገና ላከው። ያ ለአባባ ጭብጨባ ነበር።

ለባንድ ልብስ ሊያሠራ የመጣ አንድ ሰው ሰምቶት ነው ፒያሳ ወደሚገኝ ስቱዲዮ የወሰደው። ብቻውን መሄድ ስለፈራ እኔም ተከተልኩ። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ፣ አየር የሌለው፣ ጠባብ ክፍል ነበር። አቀናባሪው ቆብ የደፋ፣ ጨዋታ የሚችል፣ ደግ ሰው ነበር፤ ዛሬም ክፉ ነበር ማለት አልችልም። ዘፈኑን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና «ግጥሙ አሪፍ ነው፤ ግን እንዲህ እየተንፏቀቀ ማን ይሰማዋል? ሰው ካሴት የሚገዛው ሊጨፍር ነው» አለ። ኪቦርዱ ላይ ጣቶቹን አሩጦ ዘፈኑን አፈጠነው። ቀጥሎ ግጥሙ ላይ መጣ፦ «‹በራችን› ምንድን ነው? ለፍቅረኛህ የምትዘፍነው ከነቤተሰብህ ነው እንዴ? ‹ልቤ ላንቺ› በለው።»

«የተገጠመው ለእናቴ ነው» አለ ተረፈ።

ሰውየው ጣቶቹን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ተረፈም ሁሉንም ነገረው። አቀናባሪውም በለሆሳስ «ስማ ወንድሜ፣ እንድትሰማው አይደል የምትፈልገው? የሚያስጨፍር ዘፈን ባሕር ይሻገራል። ለቅሶ ግን ከሰፈር አይወጣም» አለው።

በዚህ ነው እሺ ያለው። ተረፈ የሚባል ዘፋኝ የለም ተብሎ ስሙ ሮቢ ሆነ። እኔ በቀረጻ ክፍሉ መስታወት በኩል አየው ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ጆሮው ላይ ጭኖ፣ እየጮኸ ዘፈነ፤ ልክ አባባ ስልክ ሲያናግር እንደሚጮኸው።

ካሴቱ የበርካታ ጀማሪዎች ስብስብ ሆኖ ለእንቁጣጣሽ ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ መኪና ተደግፋ የቆመች የማናውቃት ቆንጆ ነበረች። ከሌሎቹ ዘፈኖች አንዱንም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም፤ የእሱ ግን እሳት ሆነ። የሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች ከሱቅ ሱቅ ይቀባበሉት ነበር፤ የሰፈር ልጆች ተረፈን ባዩት ቁጥር ትከሻቸውን ይነቀንቁለታል። አባባን ሱቅ ደጃፍ አቁሜ አሰማሁት። አንገቱን ደፍቶ ከሰማ በኋላ «ጥሩ ነው» አለ፤ ጥቂት ከተራመድን በኋላ ደግሞ «ትንሽ ቸኮለ» አለ።

ከቤሩት የመጣች አንዲት ልጅ፣ ዘፈኑ እዚያም ቀልጧል፣ እሑድ እሑድ ሐበሾች በሚሰበሰቡበት ሁሉ ይከፈታል ብላ ስትነግረን፣ ተረፈ እኔን በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ እየተሽከረከረ ጨፈረ። ሌላ ካሴት ሥራ ሲሉት እንኳ «ቆይ፣ መጀመሪያ ትምጣ» ይላቸው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ አንዲት ከሲታ ሴት የሸማኔውን ቤት እየጠየቀች ዳገቱን ወጣች። ዘነበች እባላለሁ አለች። ወንበር ሰጠናት፤ ከቤሩት መምጣቷን ስትነግረን አባባ ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። እሷ አባባን ኮቱን ለብሶ ስታይ ማልቀስ ጀመረች።

«ጋሼ፣ መርዶ ነጋሪ አድርጎ አመጣኝ» አለች። «አሁን በወጣው ክረምት አረፈች። ኩላሊቷን ነበር። ወረቀት ስላልነበራት ተደብቀን ነው ያስታመምናት፤ እዚያው ቀበርናት። የሰፈራችሁን ስም እየደጋገመች ትነግረኝ ስለነበር ነው ያገኘኋችሁ።»

አባባ ኮቱን እንደለበሰ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ጮህኩ፤ ጎረቤት መጣ። ተረፈ ግን ሳያለቅስ ሴትዮዋ እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ እንዴት እንደነበረች ይጠይቃት ጀመር። ስንሰባበር አይታ የሚያጽናና ነገር ፈልጋ መሰለኝ፣ እንዲህ አለችው፦ «ሙዚቃ ትወድ ነበር። እሑድ እሑድ ስንሰበሰብ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች። በተለይ ያ ‹ልቤ ላንቺ ክፍት ሆኖ ያድራል› የሚለውን ደጋግማ ታስከፍተን ነበር። ‹ይቺ ልጅ እንዴት ታድላለች፤ እንዲህ የሚጠራት ሰው አላት› ትል ነበር።»

ተረፈ ቀና ብሎ አያት። «ድምፁን አላወቀችውም?» አለ።

«የማንን?» አለች ዘነበች።

   ጥላው የሄደችው ልጅ ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ስሙም ሮቢ አልነበረም።

ተረፈ ከዚያ ወዲያ አልዘፈነም። ዛሬ ሐዋሳ ይኖራል፤ ልጆች አሉት፤ ሰርግ ላይ ያ ዘፈን ሲጀመር ቀስ ብሎ ተነስቶ ይወጣል፤ ልጆቹ አባታቸው ጭፈራ የማይወድ ይመስላቸዋል። አባባ ሲሞት ለቅሶ ላይ ተቀምጠን፣ የመጀመሪያውን፣ ዝግ ያለውን፣ አንዴ ብቻ እንዲዘፍንልኝ በጆሮው ለመንኩት። ብዙ አሰበ። ከዚያ «ረስቼዋለሁ» አለኝ። አመንኩት።

ያ ዘፈን የትም አልተቀዳም። በየቀኑ እንሰማው የነበርነው አባባና እኔ ብቻ ነን፤ አሁን እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። አንዳንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ቀስ ብዬ፣ «ድሩ ተዘርግቶ» ብዬ እጀምራለሁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ምላሴ «ልቤ ላንቺ» ይላል፤ እግሬም መሬቱን መምታት ይጀምራል።