የሐጂ ጀልባ ሞተር

በጃንሆይ ዘመን መቱ ውስጥ ከእኔ በቀር የጀልባ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ አልነበረም፤ ይህን ስል አላፍርም። አንድ ቀን፣ ቡናቸው ውስጥ አንዲት ጠጠር ተገኝታ የማታውቅ ሐጂ የሚባሉ ነጋዴ፣ ባሮ ላይ የሚሠራውን የጀልባቸውን ሞተር ከጋምቤላ አስጭነው መጡ። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ አልላወስ ብሏል። ሳምንት ሙሉ ለፋሁበት። ከዚያ ውኃ በሞላ በርሜል ላይ አስሬ የማስነሻ ገመዱን አንዴ ብስበው ተነሣ። ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበልኝ።

ደረቴን ነፍቼ፣ "ሐጂ፣ ያቃጠለው ዘይት ማጣት ነው" አልኳቸው። "የዚህ ሞተር ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባው። ጀልባ ነጂዎ ይህን አያውቅም?"

ሐጂ በርሜሉን ትክ ብለው አዩት።

"ሦስት ነጂ ያባረርኩት እኮ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ቤንዚኔ ላይ ዘይት ሲቀላቅሉ ይዣቸው ነው።"