ለማንም የማይሰጥ ቁጥር

ሥራነሽ በሉማሜ ከተማ፣ መኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ሻይ ቤት አላት። ሞባይል ብርቅ በነበረበት ጊዜ ቁጥሯን በሩ ላይ በቀይ ቀለም አስጻፈች። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ የእሷን ይናገራል። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲለወጥ ለእሷ ይደወላል። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ለበዓል እንደሚመጣ ለእሷ ይናገራል። እሷም ሰውየው ለገበያ ሲወጣ ጠብቃ ለራሱ ትነግረዋለች። በሌላ ሰው አትልክም።

አንድ ጊዜ የሞት ወሬ ተደወለላት። የሟቹ ወንድም እዚያው ፊቷ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። መርዶ የሽማግሌዎች ነው ብላ አልነገረችውም። ሰውየው ሲነሣ ሒሳቡን አልቀበልም አለችው። ምክንያቱን ያወቀው በማግስቱ፣ ሽማግሌዎቹ ጎሕ ሲቀድ ደጁን ሲያንኳኩ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ጠዋት፣ ከማታውቀው የውጭ ቁጥር መልእክት ገባ። «የማረጋገጫ ቁጥርዎ 480213 ነው። ለማንም አይስጡ» ይላል። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነውና ቀስ ብላ አነበበችው። ጥቂት ቆይቶ ሌላ መጣ፤ ቃሉ ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን ተለውጧል። የማን እንደሆነ አይናገርም። የባለቤቱ ስም የሌለበት መልእክት ደርሷት አያውቅም። ለማንም የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ ለምን ተላከ?

በዚያው ሰዓት እንዳላማው የሚባል ገበሬ ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ የዘር ማከፋፈያ ቢሮ ውስጥ ቆሞ ነበር። የስንዴ ምርጥ ዘር ምዝገባ የሚዘጋው ያን ቀን ነው። አምና ስንዴውን ዋግ ስለመታው ለዘር የሚሆን አልቀረውም። መሬቱን ደጋግሞ አርሶ ጨርሷል። ዛሬ ካልተመዘገበ የሚዘራው የለም።

ምዝገባው በኮምፒውተር ሆኗል። ፕሮግራሙን የጻፈው አንተነህ የሚባል የቢሮው ሠራተኛ ነው። ፕሮግራሙ የገበሬውን ስልክ ቁጥር ባሕር ማዶ ወዳለ ክላውድ ወደሚሉት አገልግሎት ይልካል። አገልግሎቱ ምሥጢር ቁጥር አውጥቶ ወደ ስልኩ ይልካል። ገበሬው ያን ቁጥር ለአንተነህ ከነገረ ስልኩ የራሱ ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። ደላላ በሙት ስም ዘር እንዳይወስድ ታስቦ ነው።

አንተነህ ሁለት ጊዜ ላከ። ሁለቱንም ጊዜ ኮምፒውተሩ «ደርሷል» አለው። እንዳላማው ግን ባዶ እጁን ቆሟል።

«እኔ ዘንድ ምንም አልደረሰም» አለ በመጨረሻ። «ስልኩ ሉማሜ ነው፣ ሥራነሽ ዘንድ።»

አንተነህ ደወለ። ቁጥሩን እንድትነግረው ጠየቃት።

«ለማንም አይስጡ ይላል» አለች።

«እማማ፣ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ ከላክኸው ታውቀዋለህ። እኔን ምን አስጠየቀህ?»

አንተነህ ቁጥሩን በእርግጥ አያውቀውም። ላኪው እሱ ነው፣ ያወጣው ግን ክላውዱ ነው፤ ክላውዱ ደግሞ ለእሱም አያሳየውም። ይህን ሊያስረዳት ሞከረ። በተናገረ ቁጥር ነገሩ ለራሱም እየተወሳሰበበት ሄደ። እሷ እስከ መጨረሻው አዳመጠችውና ሌባ ነው ብላ ደመደመች።

እንዳላማው ስልኩን ተቀበለ። ድምፁን ለየችው። ቢሆንም መልእክቱ «ከእንዳላማው በቀር» አላለም። የዘሩን ነገር ሲነግራት ግን ነጠላዋን አነሣች።

«ከዚያው ጠብቀኝ፣ መጣሁ» አለችው።

ሻይ ቤቱን ዘግታ ሚኒባስ ተሳፈረች። ስትደርስ ሰልፉ ገና አልተበተነም። አንተነህ የቀድሞዎቹ ቁጥሮች ጊዜ እንዳለፈባቸው ነግሯት ሌላ ላከ። ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። እንዳላማውን ወደ ጥግ ስባ በጆሮው አንሾካሾከችለት። እሱ ባለበት ሆኖ ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ ጮኾ ተናገረው። አንተነህ ጻፈ። እንዳላማው ተመዘገበ።

ሥራነሽ ሁለቱንም አየቻቸው። ምሥጢሩ ይኸው ኖሯል?

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቁጥር ሌላ ሰው አይመዘገብም» አላት አንተነህ። «የአቶ እንዳላማው መሆኑ ተረጋግጧል።»

«ስልኩ እኮ የኔ ነው።»

«ስልኩስ የእርስዎ ነው፣ እማማ። ቁጥሩ ነው የእሳቸው።»

ከሰልፉ ውስጥ የእሷን ቁጥር ሊያስመዘግቡ የነበሩ ጥቂት ሰዎች ተያዩና ስልክ የሚያውሳቸው ፍለጋ ወጡ።

ከሳምንት በኋላ ሉማሜ ሌላ መልእክት ገባ። «ውድ እንዳላማው፣ ዘርዎን መጥተው ይውሰዱ።» ስም ስላለበት ደስ አላት። ለገበያ ሲወጣ ጠብቃ ነገረችው። ከዚያም ጥቂት አመንትታ፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ላጥፋው ወይስ ይቆይ ብላ ጠየቀችው።

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ?»

«ያንተ ነው ተብሏል።»

እንዳላማው ቀዩን ጽሑፍ አሻቅቦ አየ። ማንበብ አይችልም።

«ይቆይ» አላት፣ እርግጠኛ ሳይሆን።