ኪሴ ውስጥ ያስቀረሁት መልእክት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የንስሐ አባቴ እንኳ ከእኔ የሰሙት በጾም ቀን ወተት መጠጣቴንና ሰው ማማቴን ነው፤ ቀላል ቀላሉን እየመረጥኩ አቀርብላቸዋለሁ። ለማታውቀኝ ለአንተ ግን ዋናውን ልንገርህ። አንጀቴን በላው ብለህ እንዳታዝንልኝ ብቻ፤ የሚታዘንላት ሌላ ሰው ናት።

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። እዚህ ለንደን ውስጥ የታይታኒክን የመጀመሪያና የመጨረሻ ጉዞ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን አለ፤ ባለወርቅ ቁልፍ ሰማያዊ ኮት ለብሼ ጎብኚዎችን ከክፍል ወደ ክፍል እመራለሁ። ሰዉ የአንደኛ ማዕረጉን ሳህንና ሹካ በመስታወት ውስጥ እያየ ያለቃቅሳል። ከሦስተኛ ማዕረጉ አልጋ ፊት የሚቆም የለም። እንቃቸዋለሁ፤ ደመወዜንም እበላለሁ።

በጣም የምወደው የቴሌግራሙን ክፍል ነው። ከሌላ መርከብ «ፊት ለፊታችሁ በረዶ አለ» የሚል መልእክት መጣ። ካፒቴኑ ለኩባንያው ኃላፊ ሰጠው፣ ኃላፊው አንብቦ ኪሱ ከተተው። ካፒቴኑ መልሶ እስኪጠይቀው ድረስ ከወይዛዝርት ጋር ሲጫወት እዚያው ኪሱ ውስጥ ዋለ። መርከቧ ሰጠመች፤ ሰውዬው በጀልባ ተረፈ። እዚህ ላይ ስደርስ ድምፄ ይወፍራል። ይህ ምን ዓይነት ሰው ነው እላለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ጎብኚዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዳንዶቹ ሲወጡ እጄን ይጨብጡኛል።

እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ልጄን የዳርኩ ጊዜ ነው። ቶተንሃም፣ በምንኖርበት ሕንፃ፣ ከእኛ በላይ እትዬ ብዙነሽ ይኖራሉ። የሠርጉ ወጥ በሙሉ በእጃቸው ነበር። ሠርጉ ቅዳሜ ሊሆን ረቡዕ ዕለት ወንድማቸው ጌታቸው ከደሴ ደወለ፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ። የእኛ ሰው ክፉ ወሬን ለባለቤቱ በቀጥታ አይነግርም፤ ቀስ አድርጎ የሚያስረዳ የታመነ ሰው ይፈልጋል። የታመንኩት እኔ ነበርኩ። እናታቸው ሕመም ጸንቶባቸዋል፣ ብዙነሽን አምጡልኝ እያሉ ነው፤ ሳታስደነግጥ ንገርልኝና ቶሎ ትምጣ አለኝ። እሺ አልኩት።

እሺ ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ደረጃውን ወጥቼ በራቸውን አንኳኳሁ። ሽንኩርት እየከተፉ ነበርና ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ከፈቱልኝ። ተጨማሪ ሽንኩርት ያስፈልግዎት እንደሆነ ልጠይቅ መጥቼ ነው ብያቸው ተመለስኩ። ሌላ ወጥ ሠሪ ጠፍቶ ነው? ለንደን ሙሉ ነው። እኔ የፈራሁት «የታደሰ ልጅ ሠርግ ቀዘቀዘ» መባልን ነው፤ የፈራሁት ይህንን ብቻ ነው። ሐሙስ ዝም አልኩ። ዓርብም ዝም አልኩ። ረቡዕ ብነግራቸው ኖሮ ዓርብ ከእናታቸው አልጋ አጠገብ ይቀመጡ ነበር።

ቅዳሜ ማታ፣ ሃክኒ በተከራየነው አዳራሽ፣ እትዬ ብዙነሽ መሀል ገብተው እስክስታ ሲወርዱ ጌታቸው ደወለ። ደጅ ወጣሁ። እናታቸው ዓይናቸው በሩ ላይ እንደተተከለ ዐርፈዋል።

«ምነው ቀረች?» አለኝ።

ከኋላዬ ከበሮው ይመታል። ስልኩን በመዳፌ ሸፈን አድርጌ፣ «ነግሬያቸው ነበር፤ ሥራዬን ጥዬ አልሄድም አሉ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዝም ማለቴ አልበቃ ብሎኝ ጥፋቱን በእሳቸው ላይ ጫንኩት። ከዚያ ገብቼ ጨፈርኩ።

ሰኞ ንጋት ላይ ሽማግሌ ሰብስቤ መርዶ ያረዳኋቸውም እኔው ነኝ። ድንገት ነው አልኳቸው። ደረታቸውን ሲመቱ እጃቸውን የያዝኩት እኔ፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር» ያሉትም እኔን። ጌታቸው ከዚያ ወዲህ አይደውልላቸውም። ሲደውሉለት አንድ ጊዜ ብቻ ስልኩን አንስቶ «ሥራሽን ሥሪ» ብሎ ዘጋባቸው። ምን ማለቱ እንደሆነ ዛሬም አልገባቸውም። ሐዘን ቀየረው ይላሉ።

ባለፈው ወር ኤግዚቢሽኑን ላሳያቸው ወሰድኳቸው። ጉራ ነው፤ ኮቴን እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነው። ቴሌግራሙ ጋ ስንደርስ አፌ እንደለመደው ሰውዬውን በአማርኛ አብጠለጠልኩት። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አዳመጡኝ።

«ጨንቆት ይሆናል» አሉ። «ኋላስ? ተናገረ ወይስ ደብቆ ሞተ?»

እውነቱን ነገርኳቸው። መርማሪዎች ፊት ቀርቦ፣ አዎ፣ ኪሴ ከትቼው ነበር ብሎ በገዛ አፉ መናገሩን።

«እንግዲያ እግዜር ይማረው» አሉ። «ተናግሯላ።»

ስንት ዘመን በደመወዝ የሰደብኩት ሰውዬ በለጠኝ። እሱንማ ጠይቀውት ነው ትል ይሆናል። እኔስ መች ሳልጠየቅ ቀረሁ? ደረጃው ላይ በተገናኘን ቁጥር እትዬ ብዙነሽ «ጌታቸውን ምን ነካብኝ?» ይሉኛል። እኔም ሐዘን ነው እላለሁ።

አሁን ለአንተ ስነግርህ ቀለል አለኝ፤ ይኼው ቅለት ራሴን ያስንቀኛል። ለማያውቁት ሰው መናገር ምን ድፍረት ይጠይቃል? ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ይህን ስጽፍ ከላይ የእግራቸው ኮቴ ይሰማኛል። ቤት አሉ።