ፀሐይ ያላየው መኪና አይወጣም

ሥራ በጀመርኩ ዕለት ጋሽ ቱሉ እጄን ይዘው የአንድ ሚኒባስ በር ላይ አስቀመጡት።

«ዓይንህን ጨፍንና ዳብሰው» አሉኝ።

ዳበስኩት።

«ምን አገኘህ?»

«ምንም። ልሙጥ ነው።»

«እንግዲያው ገና ነህ» አሉና ብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝ። መዶሻ እንድነካ የፈቀዱልኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስፍቅ ዋልኩ፣ ስፍቅ ከረምኩ።

ጋሽ ቱሉ ከደራ መጥተው አዳማ የከተሙ ባትላሜራ ናቸው። ባትላሜራ የተጋጨ መኪና አካል የሚያቃና ሰው መሆኑን ለእናንተ ለሙያ ጓደኞቼ አልነግርም፤ ይህን ለሚያነቡ ልጆቻችሁ ግን ልናገር። የገባውን ላሜራ ከአንድ ወገን በብረት ደግፈን ከሌላው ወገን በመዶሻ እናወጣዋለን። መዶሻ የማይጨርሰውን ጎድጓዳ ስቱኮ በሚባል እንደ ሊጥ ተለጥፎ በሚደርቅ ነገር ሞልተን በብርጭቆ ወረቀት እንፍቃለን። ከዚያ ቀለም ቀቢው ይረከባል። ጋራዣችን ውስጥ ሰው ፋቂ ሆኖ ይገባል፣ ረዳት ይሆናል፣ ባለሙያ ይባላል፤ ከሁሉ በላይ ዋና ባለሙያ አለ። ዋናው ሲናገር ሌላው ይሰማል።

የጋሽ ቱሉ አንድ ሕግ ነበረች። ያለቀ መኪና በዚያው ቀን ለባለቤቱ አይሰጥም። በማግስቱ የአዳማ የቀትር ፀሐይ ላይ ቆሞ መዋል አለበት። ላዩ ደርቆ ውስጡ ያልደረቀ ስቱኮ ጥላ ሥር ያማረ ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ያብጣል፣ ይሰነጠቃል።

አንድ ጊዜ ሠርጉ ሁለት ቀን የቀረው ሙሽራ መኪናዬን ካልወሰድኩ ብሎ ግቢውን ቀወጠው። ጋሽ ቱሉ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ «ልጄ፣ ሙሽሪት ስትገባ ስቱኮው ቀሚሷ ላይ ቢረግፍ ምን ትላታለህ?» አሉት። እየተነጫነጨ ሄደ። በማግስቱ ቀትር ላይ ሲመጣ ከግራ ጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ አገኘው። ፍቀን እንደገና ሠራንለት። ሲወስደው የጋሽ ቱሉን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ተሽቀዳድመው አነሡት።

እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። ዛሬም ቢሆን ስማቸውን ስጠራ ቀና እላለሁ።

ዓመታት አለፉ። የጋሽ ቱሉ ጉልበት ሲደክም ዋና ባለሙያ አድርገውኝ ጋራዡን በእጄ አስቀመጡት። የደብረ ዘይት ሰው ሳይቀር እኔን ብሎ ይመጣ ጀመር። አገባሁ። ባለቤቴ ሰናይት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ሲፈንና ናታን ተወለዱልን። ሲፈን ሰባት፣ ናታን አራት ዓመት ሲሞላቸው ነው ያ ስልክ የተደወለው።

የደወለው ከእኛው ጋራዥ ወጥቶ ካናዳ የገባ ጓደኛዬ ነው። «የምሠራለት ባለ ጋራዥ ጥሩ ባትላሜራ አጥቷል። ስለ አንተ ነግሬዋለሁ፣ ሥራህን በቪዲዮ አይቷል። ከነቤተሰብህ ይወስድሃል» አለኝ።

ደስ አለኝ። ደስታው ግን ወዲያው ሐሳብ ሆነ። ጎረቤት ሁሉ አማካሪዬ ሆነ። ግማሹ «ልጅ ምላሱ ሳይደርቅ ነው መውጣት» ይላል፤ ግማሹ «ፊደል ሳይቆጥሩ ወስደህ አያታቸውን በአስተርጓሚ ሊያናግሩ ነው?» ይላል። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። ባለ ጋራዡን «ልጆቼ ትንሽ ይደጉ» ብዬ አንድ ጊዜ አስዘገየሁት፤ ደገምኩት። በሦስተኛው ጓደኛዬ ቁርጡን ነገረኝ፦ «እስከ ክረምቱ መጨረሻ ካልወሰንክ ሌላ ሰው ይወስዳል።»

ጋሽ ቱሉ ዘንድ ሄድኩ።

«የሰው መኪና ፀሐይ ላይ ታቆማለህ፤ የራስህን ቤተሰብ ሳትሞክር ነው ባሕር የምታሻግረው?» አሉኝ።

«እንዴት አድርጌ ልሞክር?»

«ትምህርት ተዘግቷል። ሚስትህንና ልጆችህን ይዘህ ማንም የማያውቅህ ከተማ ክረም። ቤት ተከራይ፣ ተቀጥረህ ሥራ። አለቃ ሆነህ አይደለም፣ ተቀጥረህ! ልጆቹ እንግድነት ይችሉ እንደሆን ያኔ ታያለህ።»

ሰናይት ስትሰማ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዕቃ ማሰር ጀመረች። ነገር ከገባት የማታመነታ ሴት ናት። መቂ ወረድን፤ ጀማል የሚባል ባለ ጋራዥ ተቀበለኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙ ያንሳል። «አካም ጅርቱ፣ እንደምን ነዎት፣ እንኳን ደህና መጡ» ብሎ በክብር ካስገባኝ በኋላ፣ «እዚህ ያለነው ሁላችንም ሠራተኛ ነን፤ የምልዎትን ይሠራሉ» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ሲፈን የአከራያችንን ልጆች በሁለተኛው ቀን ተቀላቀለች። ናታን ጥቂት ቀን የእናቱን ቀሚስ አልለቅም አለ፤ በኋላ ግን ለምሳ የሚገኘው ተጠርቶ፣ ተፈልጎ ነው። እኔ ማታ ማታ ልጆቹን እየተመለከትኩ ስንጥቅ እፈልጋለሁ። አንዱ ቢያስነጥስ «አየሽ፣ አልተስማማቸውም» እላለሁ። ሰናይት አፍንጫውን ጠርጋ ታስተኛዋለች።

አንድ ጠዋት ቲማቲም የጫነ አይሱዙ መጣ። ጋሪ ገጭቶት በሩ አልዘጋ ብሏል። ጭነቱ ከመምሸቱ በፊት አዲስ አበባ መግባት አለበት፤ የጭነቱ ደላላ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ይንቆራጠጣል። የገባውን በር በመዶሻ አወጣሁ፣ እጄም እንደለመደው ወደ ስቱኮው ሄደ።

«ስቱኮ ይቅር። በሩ ይዘጋ፣ የዝገት መከላከያ ይቀቡትና ይሂድ» አለ ጀማል።

«እንዲህ ተሠርቶ ከእኔ እጅ አይወጣም። ነገ ቀትር ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የሚወጣው!»

ደላላው ስልኩን ከጆሮው አወረደ። «ወንድሜ፣ ፀሐይ ላይ የምታቆመው ቲማቲሜን ነው?» አለ። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

ጀማል አልሳቀም። «እርስዎ ጋ የሚመጣው ባዶ መኪና ነው። እዚህ ጭነት አለ። ሰውዬው ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ስቱኮውን እንሠራለታለን» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ከዚያ የመከላከያውን ቆርቆሮ አንሥቶ በሩን ራሱ ቀባው። አይሱዙው ወጣ።

ፊቴ ጋለ። መዶሻዎቼን በከረጢት ከትቼ ማንንም ሳልሰናበት ቤቴ ገባሁ።

«እንመለስ። ይሄ ነገር ለልጆቹ አይሆንም» አልኩ ለሰናይት።

ሲፈን በር ላይ ገመድ ትዘላለች። መዝለሏን አቁማ አየችኝ። «አባዬ፣ እኛ ምን ሆንን?» አለች።

ሰናይት ከረጢቱን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ልጆቹን ተዋቸው። ልጆቹ ደህና ናቸው። የከበደህ የጀማል ትእዛዝ ነው» አለች። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ያን ሁሉ ወራት ልጆቼን እየዳበስኩ ስፈልገው የነበረው ስንጥቅ እኔው ላይ ነበር።

በማግስቱ ጀማል ጋ ተመለስኩ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድበኝም እውነቱን ነው። እሱ ግን የተጨማደደ ኮፈን፣ የሞተር ክዳን፣ አሳየኝና «ከዚህ ይጀምሩ» ብቻ አለኝ። ስለ ትናንቱ አንድ ቃል አላነሣም፣ ለሠራተኞቹም እንዲያነሡ ዕድል አልሰጠም። በዚያ ዕድሜው እንዲህ ያለ አስተዳደር የት እንደተማረ አላውቅም። አይሱዙው ባዶውን ሲመለስ በሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ ስቱኮውን ለብሶ ቀትሩን ፀሐይ ላይ ዋለ።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አዳማ ተመለስን። ጋሽ ቱሉ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«እህሳ፣ የት ጋ ተሰነጠቀ?»

«እኔ ጋ።»

ጥርስ ያለቀበት አፋቸውን ከፍተው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዲያው አንተን ነዋ መፋቅ!» አሉ።

እኔም ተፋቅሁ። ለካናዳው ሰውዬ እመጣለሁ ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። በዚያው ሳምንት ዋና ባለሙያነቱን ለአብዲ አስረከብኩ። አብዲን መዶሻ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የጉዞ ወረቀታችን እስኪያልቅ ድረስ በእሱ ሥር ልሥራ ስል ደነገጠ።

«ጋሼ፣ እኔ እንዴት እርስዎን አዛለሁ?»

«ጀማልን ጠይቀው፣ ያሳይሃል» አልኩት።

አዘዘኝ። መጀመሪያ እያፈረ፣ በኋላ እየለመደ። አንዳንዱ ትእዛዙ ከእኔ ሐሳብ ይለያል፤ ምላሴን ነክሼ እሠራለሁ። አንዳንዴም የእሱ ይሻላል። ደንበኞች «ምነው ወረድክ?» ሲሉኝ መጀመሪያ ያመኝ ነበር፤ ኋላ «ልምምድ ላይ ነኝ» እያልኩ እስቅ ጀመር። አብዲ የጋሽ ቱሉን ሕግ አልሻራትም። እንዲያውም አንድ ቸኳይ ደንበኛ ሲጮህበት «ፀሐይ ያላየው መኪና ከዚህ አይወጣም!» ሲል ከኮፈን ሥር ሰማሁት፤ ዕንባዬ መጣ፣ በእጅጌዬ ጠረግኩት።

ከዚያ ወረቀታችን አልቆ ካናዳ ገባን። ሲፈን አማርኛም ኦሮምኛም ማንበብ ጀምራ ነበር፤ ናታን ገና ፊደሉን በዜማ ይላል። እዚህ ስቱኮ የሚደርቀው በመብራት ነው። ባለ ጋራዡ የሾማት አለቃዬ በዕድሜ ጀማልን የምታህል ወጣት ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ጋራዡን አዟዟረችኝ፣ አንድ በር አሳየችኝ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ሰጠችኝ።

ማታ ለጋሽ ቱሉ ደወልኩ።

«ምን ሥራ ሰጡህ?»

«ፍቀት።»

«ተቀበልክ?»

«ስፍቅ ዋልኩ።»

«ጎሽ» አሉ። «ልጆቹስ?»

«ልጆቹማ ድሮም ደህና ነበሩ።»

ልጆች ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ «መቼ እንውጣ?» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። የልጆቹን ዕድሜ እኔ ልወስንላችሁ አልችልም። ሰባትም አራትም ይለምዳሉ። መጀመሪያ ግን ያስተማራችሁት ሰው ሥር ገብታችሁ ጥቂት ወራት ሥሩ። እሱን ከቻላችሁ ሂዱ፤ ካልቻላችሁ ገና ናችሁ።