የአሸንዳው ስፋት

ባሕር ማዶ፣ በኮሎምቢያ ሃይትስ ቤታችን ዝናቡ ከአሸንዳው እየተረፈ ሲፈስ፣ የራሰው አፈር ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ጎሬ መለሰኝ።

ክረምት ሲቃረብ፣ ሕመም ያከሳው አባቴ ለጭቃ ቤታችን አሸንዳ እንዲያበጅ ቆርቆሮ ሠሪ አስጠራ።

«ጠባቡ ይበቃል» አለው።

«የጎሬን ዝናብ እያወቁት! ግድግዳው ይናዳል እኮ» አለች እናቴ።

«እኔን እስኪሸኝ ይቆማል።»

«እኛስ የት ልንወድቅ ነው?»

አባቴ መንገድ የሚሄድ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ከመንገድ ሲመለስ ከረሜላ ያመጣልን ነበርና። እሱ ግን እኔንና እህቴን ሲያይ ቆይቶ፣ «በል፣ ሰፊውን አድርገው» አለ።

ያን ክረምት ዝናቡ ሳያባራ፣ ለቅሶ ደራሾች ደረቁን ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ።

አሁን ልጄ ለዚህኛው ቤታችን አዲሱን አሸንዳ በምን ስፋት እንደምታዝዝ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

«ሰፊውን» አልኋት። ለምን ስትለኝ፣ የነገርኋት ስለ ዝናቡ ብቻ ነው።